የእማዬ የከሰል መስመሮች

መጀመሪያ የነገረን ሳጥኑ ነው። እማዬ የሰርግ ቀሚሷንና የአባዬን ጋቢ የምታስቀምጥበት የእንጨት ሳጥን መኝታ ቤቷ ውስጥ የኋላውን ግድግዳ ተጠግቶ ነው የኖረው። ሐምሌ ላይ፣ ለአባዬ ሙት ዓመት ጋቢውን እናውጣ ብለን ስንከፍተው የሻጋታ ሽታ ፊታችንን መታን። የጋቢው ጠርዝ ጥቁር ጠቃጠቆ ይዟል። ሳጥኑን ሳብ ስናደርገው ከበስተኋላው ያለው ልስን ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ረጥቧል። ከእርጥበቱ ጫፍ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው ተሰልፏል።

እማዬ ጋቢውን ታቅፋ ዝም አለች። እኔ ግን ወዲያው «ጣሪያው ነው» አልኩ።

ደሴን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድብኝም። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተሸጉጣ ነው ያለችው። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ድረስ ይገባል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንደማመጥም። እርጥበት በታየ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ ሰማይ ነው። በዚያ ላይ እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ተከራይቼ እከርምና ቅዳሜ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እማዬ ጋ እመጣለሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፤ የኪራይ ክፍሌ ግድግዳ ረጥቦ አያውቅም። የእማዬን ግድግዳ የማየው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ለወራት ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፈነ፤ አሸንዳውንም ጠረገ። በሳምንቱ ስመጣ እርጥበቱ ቀንሷል። በሁለተኛው ሳምንት ልስኑ ደርቋል ማለት ይቻላል። «ሬንጁ ሠራ» ብዬ ለዘመድ ሁሉ አወራሁ። ጳጉሜን ላይ፣ ለዘመን መለወጫ ቤቱ ያምርልን ብዬ ግድግዳውን ዘይት ቀለም ልቀባው ተነሣሁ። ሳጥኑን ሳነሣው ልስኑ ላይ በከሰል የተሠመሩ መስመሮች አየሁ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ እንደ መሰላል። የወንድሜ ልጅ የጫረው መሰለኝ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩትና ቀለሙን ደረብኩበት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ምንም አላለችም።

መስከረም ሲጋመስ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። ዘይት ቀለም እንደ ላስቲክ ነው፤ ግድግዳው የያዘው ውሃ ወጥቶ እንዳይተን መንገዱን ይዘጋበታል፤ ውሃው ደግሞ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከልስኑ እያላቀቀ ይነፋዋል። በጣቴ ብጫነው ፈንድቶ ውሃ አወጣ። ከእንግዲህ «ክረምት ነው» ማለት አይቻልም። ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይ አበባው ወጥቷል፣ ግድግዳችን ግን ከሐምሌው የባሰ ረጥቧል።

ያን ጊዜ ነው ጣቴን ከሰማይ አውርጄ ወደ ጎረቤት የቀሰርኩት።

የደሴ ሰፈሮች አብዛኛው ተዳፋት ላይ የተደረደሩ ናቸው። የአንዱ ግቢ ወለል ከሌላው ጣሪያ ጋር እኩል ነው፤ በመካከል የድንጋይ ካብ ይኖራል። ከላይ ያለው የሚያፈሰው ታች ባለው ላይ እንደሚያልፍ ማንም ያውቃል። የላይኛው ጎረቤታችን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» የምላቸው ጡረተኛ፣ ካቡ አጠገብ መታጠቢያ ቤት ሠርተዋል። ለእኔ ነገሩ ያለቀለት ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳላደርስ የመታጠቢያ ቤታቸው ፍሳሽ እናቴን ሊያሳምማት ነው አልኳቸው። ሰውየው ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ነይ፣ አብረን እንየው» አሉ።

የኬክ ቀለም አስገዙ። ቀዩን በባልዲ ውሃ በጥብጠው በራሳቸው እጅ መታጠቢያ ቤታቸው መውረጃ ውስጥ ደፉት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ ውሃ ከግቢያቸው በሌላው በኩል፣ መንገድ ዳር ባለው ቦይ ላይ ሲወርድ አየነው። ቀለም እኛ ግድግዳ ላይ አለመታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አፈር ቀለምን ያጣራል፣ ውሃውም ለመድረስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቦዩ ላይ መታየቱ ግን ፍሳሻቸው ወዴት እንደሚሄድ ቁልጭ አድርጎ ነገረን። ጋሼ ባልዲውን አለቅልቀው ግድግዳ ላይ ደገፉት። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምንም አይደል» አሉኝ፤ ግን በዚያ ሳምንት እንደ ልማዳቸው ቡና ለመጠጣት አልመጡም። እማዬ ሦስት ሲኒ ደርድራ አንዱን ባዶውን ስትመልሰው አይቻለሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደረቴ ላይ ይከብደኛል።

ጥቅምት ላይ የቧንቧ ሠራተኛ አመጣን። ከሰኞ ገበያ አካባቢ የመጣ፣ ዕቃውን በስልቻ የተሸከመ ጎልማሳ ነው። ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ጨዉን በጥፍሩ ፈቅፍቆ አየው፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ያንጠባጥባል፣ ይሰርጋል፣ ወይስ ያልበዋል?»

እኔ ሁሉንም «ያፈሳል» ብዬ ነበር የምጠራው። አማርኛችን ግን ለውሃ መንገድ ሁሉ ስም አለው፤ እያንዳንዱ ስም የራሱን ምክንያት ይዞ ይመጣል። ከላይ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጣሪያን ወይም የሮቶን መስመር መፈተሽ ነው። የሚያልበው ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፤ የሰው ትንፋሽና የምድጃ እንፋሎት ደሴ ሌሊት በሚቀዘቅዘው ግድግዳና ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። የሚሰርግ ከሆነ ግን ውሃው ከመሬት ወይም ከግድግዳው ጀርባ ነው የሚመጣው። ይህን ለመለየት ሰውየው አንድ ቁራጭ ላስቲክ ወስዶ የተነሣውን ቀለም ከፋቀ በኋላ ዙሪያውን በፕላስተር ልስኑ ላይ ለጠፈው። «ነገ እዩት፤ ጤዛው ከላስቲኩ በላይ ከሆነ የክፍሉ ነው፤ ከላስቲኩ ሥር ከሆነ የግድግዳው ነው።» በማግስቱ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ውሃ አዝሎ አገኘነው። ላዩ ደረቅ ነበር።

«መቼ ነው የሚረጥበው?» አለኝ።

«ሁልጊዜ» አልኩት።

እማዬ ከጓዳ ወጣች። «ሁልጊዜ አይደለም» አለች።

ሳጥኑን ወደ ጎን ገፋችው። ከተፋቀው ቀለም አጠገብ አዲስ የከሰል መስመሮች ተሠምረዋል። ከዘመን መለወጫ በኋላ እንደገና ጀምራለች። በየጧቱ እርጥበቱ የደረሰበትን ጫፍ በከሰል ትጭራለች፤ ውሃ በመጣበት ሌሊት ማግስት ደግሞ ጎኑ ላይ አንዲት ነጥብ ታኖራለች። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ። ነጥብ ካለበት መስመር ቀጥሎ ያለው መስመር ሁልጊዜ ከፍ ይላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ እንደገና ነጥብ፣ እንደገና ከፍታ።

«ነሐሴ ላይ ውሃ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ የለ?» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ዝናቡ ያን ያህል ሲወርድ ግድግዳው ደረቀ። አንቺ ሬንጁ ነው አልሽ።»

ሁለት ሳምንት። ሬንጁ የተቀባበት ሳምንትና ቧንቧው ባዶውን የሰነበተበት ሳምንት አንድ ነበሩ። እኔ ቅዳሜ መጥቼ ያየሁት ውጤቱን ነው፤ እሷ ቀኑን ሁሉ ስትቆጥር ነበር። ያን መሰላል በእርጥብ ጨርቅ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ለምን ያን ጊዜ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። «አባትሽ ነበር ይህን የሚያውቀው፤ እኔ ምን ብዬ?» አለችኝ። እናቴ ፊደል የቆጠረች ሴት አይደለችም። ሠራተኛው ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ ወረደና «እማማ፣ አብሽሩ፤ ሥራውን ጨርሰውልኛል» አላት። ፊቷ ላይ የፈካውን ነገር ከአባዬ ሞት በኋላ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ዝናብ አይደለም፤ የጎረቤት ፍሳሽ አይደለም፤ የራሳችን የቧንቧ ውሃ ነው። ግን የቱ ቧንቧ?

ቤታችን ውስጥ ውሃ ሁለት ጉዞ አለው። ከቆጣሪው ተነሥቶ ሮቶ ድረስ የሚሄደው አንዱ ነው፤ ይህ የሚሞላው ፈረቃ ሲደርስ ብቻ ነው። ከሮቶው ወደ ቤት የሚገባው ሌላው ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ውሃ አለበት። መጀመሪያ ሁለተኛውን ፈተንን። ሮቶው ከሞላ በኋላ የመውጫውን ቫልቭ ክፍት ትተን የቤቱን ሩቢኔት ሁሉ ዘጋን፣ የሽንት ቤቱን ፍላሽም ቆለፍን፣ የውሃውን ልክ ሮቶው ላይ በጠመኔ አሠመርን። ሌሊቱን ማንም ውሃ እንዳይነካ ተማማልን። ሲነጋ ውሃው ያንኑ መስመር ይዞ ቆሟል። ከሮቶ በኋላ ያለው ንጹሕ ነው።

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ በዚያው ምሽት ሐረጎን ወጣሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ውሃው ሲመጣ ቆጣሪው ሥር በባትሪ ተቀምጠን ጠበቅነው። ውሃ ከብዙ ቀን በኋላ ሲመለስ ቀድሞ አየር ነው የሚገፋው፣ አየሩም ቆጣሪ ያዞራል፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ዝም አልን። ከዚያ የሮቶውን መግቢያ ቫልቭ ዘጋን። አሁን ውሃው መሄጃ የለውም። ቆጣሪው ላይ ከጥቁርና ከቀይ ቁጥሮቹ ሌላ አንዲት ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች፤ ውሃ በጥቂቱም ቢያልፍ የምትዞር። ባትሪውን አበራሁባት። ትዞራለች። ሳትጣደፍ፣ ሳታቋርጥ ትዞራለች።

ቁጥሩን ጻፍኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ጻፍኩ። 40 ሊትር። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በአንድ ሰዓት፣ ማንም ሳይቀዳው። ውሃው እስኪነጋ ስምንት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በአንድ ሌሊት 16 ጀሪካን ማለት ነው። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ልጅ ሳለች ከምንጭ በእንስራ እየቀዳች ነው ያደገችው፤ ጀርባዋ ላይ የገመዱ ጠባሳ እስካሁን አለ። ቁጥሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሌሊት የተሻለ የመፈለጊያ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ሩቢኔቱን ሲዘጋ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። እንደኛ ባለ ተዳፋት ከተማ ደግሞ በየ10 ሜትር ቁልቁለቱ አንድ ባር ያህል ግፊት ይታከልበታል። የተጎዳ መገጣጠሚያ ቀን የያዘውን ሌሊት ይለቃል። ጸጥታውም ይረዳል። ሠራተኛው አንድ ዘንግ ፌሮ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ቆጣሪው ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ። ሹ… የሚል ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚጠበስ ሽንኩርት ያለ። ፌሮውን መሬት ላይ እየተከለ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ድምፁ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይጎላል። ቧንቧው በየት በየት እንደሚሄድ ግን አናውቅም። በ1984 ዓ.ም. መሬቱን ቆፍሮ የቀበረው አባዬ ነው። ወረቀት ላይ አላስቀመጠውም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም።

እዚህም እማዬ ናት የመራችን። «ማድ ቤቱ የነበረው እዚያ ነው» አለች በጨለማው ውስጥ ወደ ኮክ ዛፉ እያመለከተች። አሮጌው ማድ ቤት የፈረሰው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ወደ እሱ የሚገባ ቧንቧ እንደነበረ ከእሷ በቀር የሚያስታውስ የለም። ሠራተኛው ፌሮውን ከዛፉ ሥር ሲተክል ድምፁ አጠገባችን ያለ ያህል ጎላ። በባትሪ ሳየው፣ በግቢው ሁሉ ሣሩ መገርጣት ሲጀምር እዚያ ብቻ ለምልሟል። እዚያ ዛፍ ሥር ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ።

ሲነጋ ቆፈሩ። ጉልበት ያህል ከወረዱ በኋላ ጭቃው እየፈላ መጣ። አባዬ ማድ ቤቱን ሲያፈርስ ወደ እሱ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከጎሚቶው (ከመታጠፊያው መገጣጠሚያ) በላይ ቆርጦ በእንጨት ውታፍ ወትፎ፣ በመኪና ከመነዳሪ ጠምጥሞ፣ በሽቦ አስሮት ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ባለው ነገር የሚችለውን ነው ያደረገው፤ ያ ውታፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዟል። የለቀቀው እሱ እንኳ አይደለም። አጠገቡ ያለው ጎሚቶ ነው፤ ለመጠምዘዣ ጥርስ የወጣለት ቦታ ላይ ዝጎ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከፍቷል። የብረት ቧንቧ ቶሎ የሚሞተው እዚያ ነው፤ ጥርስ ሲወጣለት ብረቱ ይሳሳል፣ ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋንም ይፋቃል። ፈረቃው ደግሞ ያባብሰዋል። ሁልጊዜ ውሃ የሞላበት ቧንቧ ከሚዛገው ይልቅ አንዴ እየሞላ አንዴ አየር እየገባበት የሚኖረው ፈጥኖ ይዝጋል።

ስንጥቁን ሳየው ሌላም ነገር ገባኝ። ውሃ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ባልዲ ደፍረስ ይል ነበር፤ እኛ ከላይ የመጣ ይመስለን ነበር። መስመሩ ውሃ ሲቋረጥበት ባዶ ይሆንና በስንጥቁ ዙሪያ ያለውን ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ መልሶ ይስባል። ቀጥሎ ውሃ ሲመጣ ያንን ይዞ ወደ ሮቶ ይገባል። እናቴ ያን ውሃ ስትጠጣ ከርማለች። ቤታችሁ በፈረቃ የሚጠጣ ከሆነና የመጀመሪያው ውሃ የሚደፈርስ ከሆነ፣ እባካችሁ ምክንያቱን እስክታውቁ ድረስ አፍልታችሁ ጠጡ፤ የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎችም ለጓሮ አውሉ።

ጥገናው ግማሽ ቀን አልፈጀም። አሮጌው ብረት ከቆጣሪ እስከ ሮቶ ወጥቶ ፒፒአር በሚባል የፕላስቲክ ቧንቧ ተተካ፤ ጫፍና ጫፉን በ260 ዲግሪ ሙቀት እያቀለጡ ስለሚያጣብቁት ጥርስ የለውም። የአዲሱን መንገድ በሜትር ለክቼ፣ ሥዕሉን በሁለት ወረቀት አድርጌ አንዱን ሳጥኑ ውስጥ አኖርኩ።

ሠራተኛው ሊሄድ ስልቻውን ሲያነሣ ጉድጓዱን አሳየኝ። አንድ ጊዜ የተቆፈረ አፈር ሲመለስ እንደ ቀድሞው አይጠጥርም፤ ውሃ ሲያገኘው እንደ ቦይ ይጠቀምበታል። የእኛ ውሃ አባዬ በቆፈረው በዚያው ቦይ ተመርቶ ከፊሉ የእማዬን መኝታ ቤት መሠረት አግኝቷል። ሁሉም ግን እዚያ አልቆመም። «ቀሪው ወዴት ሄደ?» አልኩት። በአገጩ ወደ ታች አመለከተኝ።

ከእኛ በታች ያሉት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ባልቴት ናቸው። ካቡ ሥር ያለው ጓዳቸው የጤፍና የበርበሬ ማስቀመጫ ነው። ገብቼ ያየሁትን እንዲህ ነው ብሎ መናገር ይከብደኛል። ጆንያዎቹ ድንጋይ ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ በመጥረቢያ የተፈለፈለች ጠባብ ቦይ ከግድግዳው ሥር ተነሥታ በበሩ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ቦይዋ ገና እርጥብ ናት። ደሴ የመሬት መንሸራተት ደጋግማ ያየች ከተማ ናት። ተዳፋት አፈር ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ እርስ በርሱ መያያዙንም ይለቃል። ካቡን ቀና ብዬ ሳየው፣ መሐሉ ላይ ሆዱ ወደ እሳቸው ጓዳ ገፋ ማለት ጀምሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ቆይቷል። ከአባትሽ ለቅሶ ሰሞን።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለቅሶ ላይ ናችሁ፤ በምን አፌ ልጄ? ኋላ ደግሞ ሙት ዓመት መጣ። ውሃውን በቦይ አወጣሁትና ለጎመኑ አዋልኩት።»

ከላይ ላለው ሰው በአንድ እሑድ የወረወርኩትን ቃል አስታወስኩ። እሳቸው ከታች ሆነው ዓመት ከመንፈቅ የሚሆን ጊዜ ውሃችንን ተሸክመዋል።

ካቡን ወንድሜና የጋሼ ልጅ ግንበኛ ይዘው ሆዱን አፍርሰው እንደገና ሠሩት፤ ከሥሩ ውሃ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ተዉለት። ጋሼ ግንበኛውን ሲያዩ ውለው ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ገቡ፤ እማዬ ሦስት ሲኒ ደረደረች።

የእትዬ ጓዳ ግን ገና አልደረቀም። ወፍራም ግድግዳ ለዓመት የጠጣውን በሳምንት አይለቅም። ስለዚህ እማዬ በየጧቱ ከሰሏን ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች፣ የእርጥበቱን ጫፍ ትጭራለች፣ ቡና ጠጥተው ትመለሳለች። ቅዳሜ ስመጣ እኔም አብሬያት እወርዳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው በጣቴ ለካሁት። አራት ጣት ወርዷል።